ደረቁን የፋቅሁት አልጋ

ይሄን አንብባችሁ "ፈጥሮ ነው" የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም እንደዛ እል ነበር።

ግን የሆነው በእኔ ቤት ነው። በእኔ እጅ ነው። ወላዲተ አምላክን፣ አንድ ቃል አልጨመርሁበትም። የቀነስሁት ካለ ግን ከሃፍረት የተነሳ ነው።

ቦታው መተማ ዮሐንስ፣ ወደ ጉምሩክ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለው ግቢያችን ነው። ጊዜው ያለፈው ዓመት ሚያዝያ። ሰዓቱ... ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

አዎ፣ ቀን! አስፈሪ ነገር ሌሊት ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ቆላን አያውቅም። እኛ ዘንድ በሚያዝያ ስድስት ሰዓት ላይ ውሻ እንኳ አይጮህም። ባጃጁ ይቆማል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። እናቴ "ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም" ትላለች። እኔ እስቅባት ነበር።

ስሜ ለይኩን ነው። አናጢ ነኝ። ያውም ጎበዝ አናጢ... ብዬ ነበር የማስበው።

እህቴ ታንጉት የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ "የአራስ አልጋሽን የምሰጥሽ እኔ ነኝ!" ብዬ በሰው ፊት ፎከርሁ። ባሏ ባየልኝ የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል፤ እሱ ሰማ። እናቴ ሰማች። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

አልጋውን ያገኘሁት ከሙሐመድጣሂር ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት፣ የቆየ የቤት ዕቃ እያመጣ የሚሸጥ ሰው ነው። አንገረብ ነበር፤ ያ መሀሉ በገመድ የሚጠላለፈው የሱዳን የእንጨት አልጋ። እግሮቹ ወፋፍራም፣ እንጨቱ ጠንካራ። ግን ቀለሙ! ላዩ ክሬም፣ ከክሬሙ ስር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ስር ቀይ... የቀደመውን ሳይፍቁ በላዩ ላይ እየደራረቡ ዘመን ያስቆጠሩበት አልጋ ነው።

"የማን ነበር?" አልሁት።

"የድሮ ቤት ነው ያ ዙል፣ ምን አገባህ? እንጨቱን እይ!" አለኝ። "ያ ዙል" የሱዳኖች "አንተ ሰው" ነው።

እኔም እንጨቱን ብቻ አየሁ።

አሁን "የድሮ ቀለም እንዴት እንደሚነሳ አላውቅም ነበር" ብላችሁ ደስ ባለኝ። አውቃለሁ። ጎንደር ድረስ ሄጄ ስልጠና ወስጃለሁ፤ ሌላውን አናጢ ስመክር የኖርሁ ሰው ነኝ።

የድሮ ቀለም እርሳስ አለበት። የምንጽፍበትን እርሳስ አይደለም የምላችሁ፤ መርዙን፣ ማዕድኑን ነው። ስለዚህ ደረቁን አይፋቅም። ዕቃው ከቤት ይወጣል፣ ከስሩ ላስቲክ ይነጠፋል፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል፣ ከዚያ በውሃ እያረጠቡ ቀስ እያሉ ነው። የተፋቀው በላስቲክ ይጠቀለላል እንጂ በመጥረጊያ አይነካም። አንገረብ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ ገመዱ ይፈታል። አቧራው አንዴ ገመድ ውስጥ ከገባ ወዲያ አይወጣም።

ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ታዲያ ምን አደረግሁ?

ዛሬ ነገ ስል አልጋው ግቢ ውስጥ ቆሞ ወር አለፈው። ታንጉት ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ያዛት። ጤና ጣቢያ ወንድ ልጅ ወለደች። "ነገ ጠዋት ወደ ቤት ትመጣለች" ተባለ።

አልጋው ግን ገና ክሬምና ሰማያዊ ነው።

በውሃ ልሥራ ብል እንጨቱ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ገመዱን ልፍታ ብል መልሶ ለመጠላለፍ አንድ ሙሉ ቀን ነው። ውጭ ልሥራ ብል ፀሐዩ አናት ይበሳል። የፎከርሁበት አፌ ደግሞ አለ።

እና አልጋውን ለታንጉት ወደተዘጋጀው አራስ ክፍል አስገባሁት። በሩን ዘጋሁ። ዱቄቱ ጎረቤት ያሰጣው ልብስ ላይ እንዳያርፍ መስኮቱንም ዘጋሁ። ለጎረቤት ልብስ አሰብሁ፣ አያችሁ? ከአንድ በያጅ ጓደኛዬ የተዋስሁት ፍሌክስ፣ ያ ብረት የሚቆረጥበትና የሚሞረድበት የኤሌክትሪክ ማሽን፣ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ገጥሜ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ጀመርሁ። ደረቁን።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስሁትን እስከ ዛሬ ለቅሜ አልጨረስሁም።

ብዙም ሳልቆይ በሩ ተንኳኳ።

"ያ ለይኩን..."

ኻልቲ ሙባረካ ናቸው። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሳ ከመዳኒ ሸሽተው መጥተው እኛው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራዩ እናት ናቸው። "ኻልቲ" አክስቴ ማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዛ ነው የምንላቸው። እናታቸው የመተማ ሰው ስለነበሩ አማርኛ አይቸግራቸውም።

"አቤት ኻልቲ!" አልሁ ማሽኑን አጥፍቼ።

"ደረቁን ነው እንዴ የምትፍቀው?"

"ኧረ አይደለም! ውሃ እያረጠብሁ ነው!"



"ውሃ የነካው እንጨት እንዲህ አይጮህም ልጄ" አሉ። "ባሌ መዳኒ ላይ የጀልባ ቀለም ይፍቅ ነበር። ደረቁን። በመጨረሻ ማንኪያ መያዝ አቅቶት ነው የሞተው። ወደ ውጭ አውጣው። ሕፃን ሊገባበት ነው።"

"እሺ ኻልቲ! እሺ!"

እግራቸው እስኪርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ማሽኑን መልሼ አስነሳሁት።

ክሬሙ ሄደ። ሰማያዊው ሄደ። ቀዩም ሄደ። ከቀዩ ስር አረንጓዴ ወጣ። ከሌሎቹ ይወፍራል፤ ማሽኑ ሲነካው እንደ ዱቄት እየተነሳ ክፍሉን ሞላው። አፌ ውስጥ ብረት ብረት አለኝ።

አረንጓዴው ሲለቅ፣ በራስጌው በኩል እንጨቱ ላይ ጭረት አየሁ።

አራት። ጎን ለጎን።

አናጢ ነኝ፤ የመሣሪያን ጭረት እለያለሁ። ያ የመሣሪያ አልነበረም። ሰው አልጋውን ጨብጦ አልለቅ ብሎ ሲጎተት ጥፍሩ የሚተወው ነው የመሰለኝ።

ማሽኑን ጫን አድርጌ አስተካከልሁት። ጠፋ። ማሽኑንም አጠፋሁ።

ፍቅ... ፍቅ... ፍቅ...

ሦስት ጊዜ። ቀስ ብሎ። የማሽን ድምፅ አይደለም፤ በእጅ የሚፋቅ ነው። ከአልጋው ስር ነው የሚመጣው።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አቧራ ብቻ ነው።

በጆሮዬ አሳበብሁ። ማሽን ሲጮህበት ውሎ ቢያፏጭ ምን ይገርማል? አቧራውን በመጥረጊያ ጠራረግሁ፣ ገመዱን በመዳፌ መታ መታ አደረግሁ፣ እንጨቱን አንድ እጅ ቫርኒሽ ቀባሁት። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያምር አልጋ ሆነ። ያማረ ነገር ሥራ ሠርቻለሁ ያሰኛል።

በማግስቱ ታንጉት ልጇን ታቅፋ ገባች። አልጋውን ስታይ እንባዋ መጣ።

"ውይ ለይኩኔ! ይሄ ሁሉ ለእኔ?"

"ታዲያ ለማን?"

"እጅህን ቁርጥማት አይንካው ወንድሜ!"

እናቴ ታይቱ እንጨቱን ዳሰሰችው። "ያን ሁሉ ቀለም እንዴት አድርገህ አነሳኸው?" አለች።

"በውሃ ነዋ እማ። አርጥቤ።"

ይሄ ሁለተኛው ውሸቴ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የዋሸሁት።

ቤተሰባችን ከደጋ የወረደ ነው። አያቶቻችን ለሰሊጥ ብለው መጥተው እዚሁ ቀሩ። እናቴ ግን የደጋውን ሥርዓት አልለቀቀችም፤ አራስ ቤት በርና መስኮት አይከፈትም። ብርድ ይገባታል፣ ምች ይመታታል። በዚህ በሚያዝያ ሙቀት!

እና እህቴና ገና ክርስትና ያልተነሳ ልጇ፣ እዚያ የታፈነ ክፍል ውስጥ፣ እዚያ አልጋ ላይ ተኙ። በተገላበጠች ቁጥር ገመዱ ሲጥ ይላል። ሲጥ ባለ ቁጥር ከገመዱ ውስጥ ምን እንደሚነሳ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ ጡት እምቢ አለ።

ውሃ ላስቀምጥላት ስገባ ታንጉት ግንባሯን በሻሽ አስራ ተጋድማለች። ሕፃኑ እንዳይነቃ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"ለይኩኔ... አፌ ውስጥ ብረት ብረት ይለኛል።"



"ድካም ነው" አልኋት።

ጆጉን ሳስቀምጥ ወለሉን አየሁት። አረንጓዴ አቧራ ሲሚንቶውን በስሱ ለብሶታል። ጠዋት እናቴ ጠርጋዋለች፣ አይቻለሁ።

ከአልጋው አጠገብ ግን አቧራ ያልነካው ቦታ ነበር። ሁለት ቦታ።

የባዶ እግር ቅርጽ ነው። ጣቶቹ ወደ አልጋው ዞረዋል። አንድ ሰው እዚያ ቆሞ አቧራው በዙሪያው የወረደ ይመስላል።

ከታንጉት እግር ይረዝማል። ከእናቴም ይረዝማል።

"ምን አየህ?" አለችኝ።

"ምንም።"

በጫማዬ አጠፋሁት።

በአራተኛው ቀን፣ ያው ስድስት ሰዓት ላይ፣ ደጅ ጥላው ስር ተቀምጬ ብርቱካን እልጣለሁ። እናቴ ከውስጥ ተቆጣች።

"ለይኩን! ተው እንጂ! ሕፃኑ ገና አሁን ሸለብ ማድረጉ ነው!"

"ምን አደረግሁ?"

"መፋቁን ተው!"

በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች። እጄን አየች። ብርቱካኑን አየች። ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየች። ሰው የለም።

"ታዲያ... ማነው?" አለች።

ያኔ እኔም ሰማሁት። ፍቅ... ፍቅ... ከእናቴ ኋላ ነው የሚመጣው። ከክፍሉ ውስጥ።

"አይጥ ነው" አልኋት።

እናቴ የአይጥ ድምፅ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ግን ማመን ፈለገችና ገብታ በሩን ዘጋች። እኔም ብርቱካኔን በላሁ። እስቲ አሁን ያ ብርቱካን እንዴት ወረደልኝ?

በአምስተኛው ቀን ኻልቲ ሙባረካ አራሷን ሊጠይቁ መጡ። በሳህን ተምር ይዘዋል። ሁለት ጎረቤት ሴቶችም ውስጥ ነበሩ። እኔ ደጅ ሆኜ በሩ ሲከፈት አየኋቸው።

ደፉ ላይ ቆሙና "አሰላሙ ዓለይኩም" አሉ።

"እንኳን ደህና መጡ ኻልቲ" አለች ታንጉት።

እንደገና "አሰላሙ ዓለይኩም" አሉ። ዓይናቸው አልጋው ላይ ተተክሎ ቀረ። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ሳህኑ ከእጃቸው ወደቀ። ተምሩ ወለሉ ላይ ተበተነ። "ማሻአላህ" ሳይሉ፣ ሕፃኑንም ሳይመርቁ፣ ቶባቸውን፣ ያን የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ረጅም ጨርቅ፣ ፊታቸው ላይ ስበው ወጡ።

በዚያው ቀን አስር ሰዓት ላይ ሕፃኑን አንዘፈዘፈው።

ጤና ጣቢያ ሮጥን። ማስታገሻ ሰጡትና "ጎንደር ይሂድ" አሉ። እናቴ ግን ጎረቤቶቿን ሰምታ ነበር።

"ዓይን ነው!" አለች አንደኛዋ። "አላያችሁም እንዴት እንዳፈጠጠች? እንትፍ እንትፍ እንኳ አላለችም!"

"ዓይን የበላውን መርፌ አይነካውም" አለች እናቴ። "ጠበል ነው እንጂ። አራስ ደግሞ በዚህ ፀሐይ መንገድ አትወጣም።"

ሕፃኑን ወደ ቤት መለሱት። ወደዚያው ክፍል። ወደዚያው አልጋ።

ባየልኝ ከእርሻ መጣ። እጁ ግራሶ እንደሆነ፣ ሳይታጠብ፣ ኻልቲ ሙባረካ በር ላይ ቆመ።

"ውጪ!" አላቸው። "አንቺ! ልጄን ምን አደረግሽው?"

አንቺ አላቸው። በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት። ግቢው ሙሉ ሰው ቆሞ ያያል።

"እኔ ምንም አላደረግሁም ልጄ" አሉ።

"ታዲያ ምን አይተሽ ነው ያፈጠጥሽው?"

ዓይናቸው ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

አልተቆጡኝም። አልለመኑኝም። ጠበቁኝ ብቻ። ያን ቀን ከበሩ ማዶ የነገሩኝን የምናውቀው እኔና እሳቸው ነን። ከእኔ የሚጠበቀው ሁለት ቃል ነበር። "አልጋው ነው" ማለት። ወይም "እኔ ነኝ" ማለት።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የጫማዬ አፍንጫ ላይ አረንጓዴ አቧራ ነበረበት። በሌላኛው እግሬ ጠረግ አደረግሁት።

እና ዝም አልሁ።

በማግስቱ በቀትር ኻልቲ ሙባረካ ሻንጣቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ከግቢው ወጡ። ማንም "ፀሐዩ ይብረድልዎት" አላላቸውም። እኔ በመስኮት አየኋቸው። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ይሄን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ሄዱ። ሕፃኑ ግን አልዳነም። ባሰበት እንጂ። ማልቀሱንም ተወ። እናቴ "ሳይጠመቅ... ሳይጠመቅ ሊሄድብን ነው" እያለች ደረቷን ትደቃለች። ባየልኝ ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። ታንጉት ራሷ ገርጥታ፣ ሆዷን ይዛ፣ "ምን አጠፋሁ?" ትለኛለች። እኔን ትጠይቀኛለች!

እኔ ደግሞ ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ነገ ሲመጣ፣ ትናንት ዝም ያልሁበትን አብሬ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ሃፍረት እንደዛ ነው፤ ባደረ ቁጥር ይከብዳል።

ሰባተኛው ቀን። ስድስት ሰዓት።

ታንጉት እንቅልፍ ጥሏታል። እናቴ ጠበል ልታመጣ ወጥታለች። እኔ ልጠብቃቸው ገብቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ክፍሉ እንደ ምድጃ ይግላል።

ፍቅ... ፍቅ...

በዚህ ጊዜ ከስር አልነበረም። ከራስጌው ነው።

ቀና አልሁ።

ቫርኒሹ ላይ አራት ጭረት። ማሽን ጭኜ ባጠፋሁት ቦታ ላይ። አዲስ ነው።

እያየሁት አምስተኛው ተጨመረ። ከላይ ወደ ታች... ቀስ እያለ... እንጨቱ እየተላጠ። የሚልጠው ሰው ግን የለም።

የተላጠው አቧራ፣ ቀለም ካልተረፈበት እንጨት አረንጓዴ ሆኖ፣ ቁልቁል ሕፃኑ ፊት ላይ ወረደ። የከንፈሩ ዳር አረንጓዴ ሆነ። ሕፃኑ ትንሿን ምላሱን አወጣና ላሰው።

ጮህሁ! ሕፃኑን አፈፍ አድርጌ፣ ታንጉትን በክንዷ ጎትቼ፣ ወደ ፀሐዩ አወጣኋቸው። እናቴ የጠበሉን ጀሪካን ይዛ በር ላይ ደረሰች። ባየልኝም ሮጦ መጣ።

"አበድህ እንዴ!" አለች እናቴ። "አራስ እኮ ናት!"

"አልጋው ነው እማ! ደረቁን ነው የፋቅሁት! እዚሁ ቤት ውስጥ! ውሃ አልነካሁትም፣ ገመዱንም አልፈታሁም! ቀለሙ መርዝ ነው፣ አውቅ ነበር... እኔ ነኝ!"

ታንጉት ብርሃኑ ከብዷት ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። እናቴ አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጀሪካኑን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና አየችኝ።

"ሙባረካስ?" አለች። "ያቺ ምስኪን ሙባረካስ?"



ባየልኝ መኪና ለምኖ አገኘና በዚያው ሰዓት ወደ ጎንደር ተነሳን። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሳይጠይቁኝ ሁሉንም ተናገርሁ፤ ማሽኑን፣ የተዘጋውን መስኮት፣ ገመዱን። ሐኪሙ እየጻፈ ሰማኝ።

"ከአቧራው ማውጣታችሁ ነው የረዳው" አለ። "ሁለት ቀን ቢጨመር ኖሮ..."

አልጨረሰውም። ባየልኝ አጠገቤ ነበር። አልመታኝም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

ሕፃኑ ዳነ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀኑን ጠብቆ ክርስትና ተነሳ። ታንጉትም ቀለሟ ተመለሰ።

አልጋውን እንደነበረ በላስቲክ ጠቀለልሁት። ማቃጠል አይሆንም፣ ጭሱም መርዝ ነው። ሰውም ከብትም ውሃም ከሌለበት ቦታ ወስጄ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርሁት። ክፍሉን በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥቤ ቆለፍሁት። ለእነ ታንጉት የራሴን ክፍል ለቀቅሁላቸው። አዲስ የብረት አልጋ ገባ። ድምፁም ቀረ።

የኻልቲ ነገር ግን አልቀረልኝም። የት እንደገቡ ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ ከረምሁ። ሰኔ ላይ ሙሐመድጣሂር "ሸሕዲ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ያፈላሉ" አለኝ። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድሁ።

አገኘኋቸው። በሸራ ጥላ ስር፣ ከፊታቸው ብርጭቆ ደርድረው። ቀን ሠራተኞች ከበዋቸው ሻይ ይጠጣሉ። ጭቃው ላይ፣ በሰው ፊት፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"ተነስ፣ ተነስ ልጄ! ሕፃኑስ?"

"ዳነ ኻልቲ።"

"አልሐምዱሊላህ!"

ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ዝንጅብል ያለበት ሻይ ቀዱልኝ። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ያዝሁት። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ተነስተው እስኪሄዱ ጠበቅሁ።

"ኻልቲ... ያን ቀን ለምን አልተናገሩም? 'ለይኩን ነው፣ ነግሬው ነበር' ለምን አላሉም?"

"ስደተኛን ማን ያምናል?" አሉ። "ደግሞም አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁህ" አሉ።

ይሄን ያሉት እንኳ ሳይቆጡ ነው።

ከዚህ ወሬ ለመሸሽ ብዬ ነው ቀጣዩን የጠየቅሁት። ምናለ ባልጠየቅሁ!

"ግን ሕፃኑን ለምን እንደዛ አፍጥጠው አዩት?"

"እኔ ሕፃኑን መች አየሁት?"

"ታዲያ ምን አዩ?"

ግራ ቀኛቸውን ቃኙ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ከእህትህ ጎን የተቀመጠችውን ሴት።"

"የ... የትኛዋን ሴት?"

"ዘመድ መስላኝ ነበር። እህትህን ሰላም አልሁ፣ መለሰችልኝ። ያችኛዋንም ሰላም አልሁ... ዝም አለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ሕፃኑ ላይ ጎንበስ ብላ እንጨቱን በጥፍሯ ትፍቃለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ዞረች።"

"ምን... ምን ትመስላለች?"

ኻልቲ ሙባረካ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቶባቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ይሄን ሊነግሩኝ አልፈለጉም፤ እኔም አላስገደድኋቸውም።

"አልጋውን ምን አደረግኸው?" አሉ በመጨረሻ።

"ቀበርሁት።"

"ጥሩ አደረግህ።" ብርጭቆዬን ተቀበሉኝ። "እሷስ?"

"እ?"

"አልጋውን ቀበርኸው። እሷስ?"

መተማ ስደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ለእነ ታንጉት የለቀቅሁት ክፍል በር ክፍት ነው፤ አሁን እናቴ ራሷ ናት በርና መስኮት የምትከፍተው። ታንጉት አልጋው ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን ታቅፋለች። ግን ጥጉ ላይ ነው የተቀመጠችው። አንድ ጭኗ ብቻ ነው አልጋው ላይ ያረፈው። የቀረው አልጋ ባዶ ነው።

"ምነው ዳር ላይ? ልትወድቂ እኮ ነው!" አልኋት።

"እንጃ... እዚህ ይሻለኛል። ኻልቲን አገኘሃቸው?"

"አገኘኋቸው።"

"ይቅር አሉህ?"

"ይቅር አሉኝ።"

"እሰይ! እሰይ ወንድሜ!" ሳቀች። ከወለደች ወዲህ እንደዛ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። "ሌላስ ምን አሉህ?"

አፌን ከፈትሁ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ማርያምን፣ ልነግራት ነበር። ግን ያን ሳቅ በየት በኩል አቋርጠዋለሁ?

"ምንም" አልሁ። "ሰላም ብለውሻል።"

ይሄው እስከ ዛሬ አልነገርኋትም። ለእናቴም አልነገርሁም። መጀመሪያ የሰማችሁት እናንተ ናችሁ።

ያን ቀን ግን፣ እኛ ስናወራ፣ ሕፃኑ እኔን አያይም። አንድ እጁን ወደ ባዶው አልጋ በኩል ዘርግቷል። ሕፃን የትልቅ ሰው ጣት ሲጨብጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መዳፉ አይገጥምም፤ መሀሉ ላይ የዚያ ጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይቀራል። እንደዛ ነው የጨበጠው። በመሀሉ ግን ምንም የለም።

ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሳ... ወደ ታች ወረደ... እንጨት እንደሚፍቅ ሰው እጅ፣ እንደገና ወደ ላይ ተነሳ...

ሕፃኑ ሳቀ።